በአባቱ እጅ ልክ

እስራኤል ውስጥ፣ ከካርሜ ጋት ሰፈር ወደ ፋብሪካዎቹ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ አንድ ሽማግሌና የተጠቀለለ አዲስ የብረት ገመድ ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ወጣት።

“ልጄ፣ የምን ካቦ ነው?”

“የኦፍኖዓ ነው፣ አባባ። የክላች።”

“የሞተር ፍሪሲዮን በለኝ እንጂ። ጎንደር ሳለሁ ሞተር ሳይክል ነበረኝ፤ ገበያተኛው ድምፁን ከሩቅ ለይቶ አህያውን አጥብቆ ይይዝ ነበር።”

“አባቴም ፍሪሲዮን ነበር የሚለው። ሞተሩ የእሱ ነው። ዓምና አረፈ።”

“እግዜር ነፍሱን ይማር። ካቦው ተበጠሰብህ?”

“አዎ። ዘይት ጠብ ሳላደርግበት ከርሜ ዛገ።”

“ታዲያ አዲስ ይዘህ ምን አስተከዘህ?”

“የአባቴ ጣቶች እንደ ልብ አይዘረጉም ነበር። ስለዚህ ካቦውን አላልቶ የፍሪሲዮኑን መያዣ ወደ እጁ አቅርቦት ነበር። እኔም እንደዚያው ለምጄዋለሁ። ሙሳኽ፣ ጋራዡ ውስጥ ያለው መካኒክ ግን በደንቡ ልወጥረው ይላል። ከወጠረው የአባቴ እጅ ይጠፋብኛል።”

“አባትህ ሞተሩን አዲስ ነው የገዛው?”

“አይ፣ ያገለገለ ነበር።”

“እንግዲያ እሱም የሌላ ሰው እጅ አጥፍቶበታል።”

ወጣቱ ሳቀ።

“እሺ፣ እርስዎ ያስሩልኛል?”

“አላስርም። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ በራስህ እጅ ልክ እሰረው።”

እኔም ከኋላቸው፣ ፍሪሲዮን እንደሚይዝ ሰው፣ ግራ እጄን ቀስ ብዬ ጨበጥሁና መልሼ ዘረጋሁት።