ወድጄና ፈቅጄ

የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ። ሞጣ ላይ የኪራይ ክፍሎች ልሠራ ብድር ስጠይቅ «ቤት ያለው ዋስ አምጣ» ተባልሁ። የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ሞላ የቢቸና ቤታቸውን ሊያስይዙልኝ መጡ። ጸሐፊው «ባለቤትዎም ይፈርሙ» ሲል፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሴትዮ ከኋላችን ብድግ አሉ። «ወደውና ፈቅደው ነው?» አላቸው። ራሳቸውን በአዎንታ ነቅንቀው፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙና ወጡ።

ብድሩን ከፍዬ እንደጨረስሁ ለሴትዮዋ ነጠላ ገዝቼ፣ የዋስትናውን ወረቀት ልመልስ ቢቸና ሄድሁ። ጋሽ ሞላ ነጠላውን ሲያዩ ደነገጡ።

«ባለቤቴንማ ከፊርማው በፊት ቀብሬያለሁ! ያችን ሴት ለወረቀቱ ብለህ አንተ ያመጣሃት መስሎኝ እኮ ነው ዝም ያልሁ።»

«እኔማ ከእርስዎ ጋር የመጡ መስሎኝ!»

ጋሽ ሞላ ከሟች ባለቤታቸው ጋር ቤቱን ሲገዙ የተፈራረሙበትን የድሮ ውል ከሳጥን አውጥተው ከወረቀቴ ጎን ዘረጉት። በሁለቱም የሴት አሻራ ላይ ያው የማጭድ ጠባሳ አውራ ጣቱን አግድም ሰንጥቆታል። ፀጉሬ ቆመ።

ጋሽ ሞላ ግን ውላቸውን እያጠፉ፣ «ድሮም እሷ ሳትፈቅድ ይህን ቤት ነክቼው አላውቅም» አሉ።

ነጠላውን ሞጣ መልሼ ዳር ያለችው ክፍል ውስጥ ሰቀልሁት። ያችን ክፍል እስከ ዛሬ አላከራየኋትም።