ተራውን ለጠበቀው ፀጉር አስተካካይ

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ የሰፈራችን አባቶችና እናቶች፣ ደንበኞቻችን ሁላችሁም። ሥራችሁን ጥላችሁ በዚህ ፀሐይ እዚህ ድረስ መጥታችኋልና እግዜር ይስጥልን።

እኔ ንግግር አላውቅም። የማውቀው መቀስና ማበጠሪያ ነው። ዛሬ ከምንሸኘው ባልደረባዬ ጋር አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት ወንበር ዘርግተን፣ ጎን ለጎን ፀጉር ስንቆርጥ ኖረናል። «ደግ ደጉን ብቻ ተናገር» ተብያለሁ። እሞክራለሁ። ግን ተናድጃለሁ። ቆሽቴ አሯል! ሳልናደድ ብሸኘው ደግሞ እሱ ራሱ አያምነኝም።

ትናንት ቤታቸው ተቀምጠን የመጀመሪያ ልጁ ምን አለ መሰላችሁ? «አባቴን የገደለው ሞኝነቱ ነው። ከእንግዲህ እኔ ሰልፍ የምቆም ሰው አይደለሁም» አለ። እናቱ አቀረቀረች። እኔም ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ዛሬ ግን የቆምኩት ለሱ መልስ ልሰጥ ነው። ልጄ፣ ቀረብ በልና ስማኝ።

አባትህን ሰፈሩ ማን ብሎ ነበር የሚጠራው? «ጋሼ ቀጣይ»። ትክክለኛ ስሙን ስንቶቻችን እናውቃለን? አንዱን ቆርጦ ይጨርሳል፣ ፎጣውን ያራግፋል፣ ወደ አግዳሚው ዞሮ «ቀጣይ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ሰማይ ቢታረስ፣ ያ ወንበር ላይ ከባለተራው በቀር ማንም አይቀመጥም። ባለሥልጣን ብትሆን፣ ዘመዱ ብትሆን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ! ኧረ ሙሽራ እንኳ አስቁሟል! ሚዜዎቹ ውጭ የመኪና ጥሩምባ እያስጮሁ፣ ሙሽራው ሰዓቱን እያየ፣ እሱ የአንዱን ተማሪ ፀጉር ቀስ ብሎ ይከረክማል። እኔ ነኝ ሙሽራውን ወደኔ ወንበር ጎትቼ የገላገልኩት።

ያ የቴሌቪዥን ድራማ ተዋናይ የመጣ ዕለትስ? ሳምንት ሳምንት የምናለቅስለት ሰውዬ! አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ፤ በሩ ላይ ተደራርባችሁ ብርሃን ከልክላችሁኝ ነበርና አልረሳም። «ቀረጻ አለብኝ፣ ቶሎ በለኝ» ብሎ ሊቀመጥ ሲል ወንድሜ ወንበሩን ያዘ። «ቀጣዩ እሳቸው ናቸው» አለው። እሳቸው ማለት ጡረታ የወጡት ግንበኛ ናቸው፤ ጢማቸውን ሊከረከሙ የመጡ። «ኧረ ይቅደም ልጄ፣ እኔን ምን ያስቸኩለኛል» አሉ ሽማግሌው። «እርስዎ ቢተዉት እኔ አልተወውም!» አላቸው። ሰዎች፣ ባለቤቱ የለቀቀውን ተራ እሱ ሙጭጭ! ተዋናዩ ተቆጥቶ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ስልኩን ደግኖ ተከተለው። ተራ ይጠብቁ የነበሩት እንኳ ተነስተው ሄዱ። ግንበኛው ብቻ ቀሩ፤ እሳቸውም በዚህ መሃል እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ሬዲዮኑንስ ልንገራችሁ? ጠዋት ጠዋት የስኬት ፕሮግራም እከፍታለሁ። ራሴን ማሻሻል እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ። «ቅደሙ! አሸናፊ ከሁሉም ፊት ነው የሚገኘው!» ይላል ሰውየው። ወንድሜ ምላጩን የደንበኛ አንገት ላይ እንዳደረገ ከሬዲዮ ጋር ይጣላል። «ሁሉም ከቀደመ ማን ሊከተል ነው? እስቲ ንገረኝ!» ሬዲዮ ይመልስ ይመስል! «ጋሼ ቀጣይ፣ በናትህ አንገቴን!» ይላል ደንበኛው ከሥር። አንድ ቀን ወደኔ ዞረና «ሰው ተሻሻለ የሚባለው ከኋላው ማን እንዳለ ማየት ሲጀምር ነው» አለኝ። እሺ ብዬ የሬዲዮኑን ድምፅ ጨመርኩት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ደረቱን ያመመው ዕለት ክሊኒክ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ጢም ብሏል። አግዳሚ ያጣው ግድግዳ ተደግፏል። ነርሱ ደንበኛችን ነው፤ አየንና በሩን ገርበብ አድርጎ «ና፣ ግባ» አለው። መቼም ሰው ይገባል አይደል? ከፊቱ አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ልጅ አቅፋለች። «እሷስ?» አለ። ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ! ላብ አጥምቆሃል፣ ከንፈርህ ደርቋል፣ ግባ! ለመንኩት። ተቆጣሁት። እጁን ጎተትኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አግዳሚውን ጨብጦ ቁጭ አለ።

እሺ። እሷ ትገባለች፣ ከሷ ቀጥሎ እሱ ነው። የቀረው ይኸው ነው። ታዲያ ምን ሆነ? አንዱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መጣና «ለአንድ ጥያቄ ነው» ብሎ ገባ። አንዷ የሐኪሙ ዘመድ ነኝ ብላ ገባች። ሌላው ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ገባ። እናትየው ልጇን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። «ቀጣይዋ እሷ ናት» አለ ወንድሜ። ድምፁ አልወጣም። ሱቃችንን በአንድ ቃል ቀጥ የሚያደርግ ሰው፣ ድምፁ አልወጣም! እኔ ጮህኩ። «አንተ ደግሞ ማነህ?» አሉኝ።

በስንት መከራ እሷ ገብታ ወጣች። ተራው ደረሰ። ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከኋላው የተቀመጡትን አዛውንት ዞሮ አያቸውና «መጠበቅ ይችላሉ? ወይስ እርስዎ ይቅደሙ?» አላቸው። ሌላ ቃል አልተናገረም። እዚያው በሩ ላይ ወደቀ።

ልጄ፣ ንዴትህ ይገባኛል። የኔ ይብሳል። ግን ነገሩን እናጥራው። አባትህን ተራ መጠበቁ አልገደለውም። ከፊቱ ያቺ እናት ብቻ ብትሆን ኖሮ ሐኪሙ ጋ ይደርስ ነበር። ያዘገዩት አልፈው የገቡት ናቸው። አንተ ትናንት ማንን ልሁን አልክ? እነሱን! አባትህ ሳይቀበር እነሱን!

ከነሱ አንዱ እዚህ መሃላችን ቆሟል። አዎ፣ አይቼዋለሁ። ኧረ አትዙሩ! ስሙን አልጠራም። የወንድሜ ባለቤት «በልጆቼ አባት ቀብር ላይ ሰው እንዳታዋርድብኝ» ብላ አስምላኛለች። አንተ ሰው፣ ማንን አልፈህ እንደገባህ አላወቅክም። ዞር ብለህ ስላላየህ ነው። እንዳንተ ዞር ሳንል ስንቱን አልፈን የመጣን ብዙ ነን። ከእንግዲህ ዞር በል። ሌላ የምልህ የለኝም።

አንተስ፣ ወንድሜ? አንተንም በቀላሉ አልለቅህም። ታላቅህ እኮ ነኝ! ፀጉሬ ካንተ በፊት ነው የነጣው፣ አንተው ነህ የቆረጥከው። በዚህኛው ሰልፍ ከፊትህ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። የማንንም ተራ ሳትነካ ኖረህ፣ ምነው የኔ ላይ ስትደርስ አለፍከኝ?

በል ደህና ሁን። ቦታ ያዝልኝ አልልህም። እንደማትይዝልኝ አውቃለሁ።