ጋሽ ቁልቁለትና የውሃ ልክ

ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ በየት በኩል እንደሚሄድ የምናስበው መሄዱን ያቆመ ዕለት ነው። እኔ ራሴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሂሳብ ሳስተምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ያዘነበለ መስመር አስምሬ፣ ከገዛ ግቢዬ ስር ስለተቀበረው መስመር ግን አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ተመራምሬ አላውቅም። ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። እንዴት እንዳወቅሁት ልንገራችሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የበር ማጠፊያ ልገዛ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጎራ ስል ጎረቤቴን ጋሽ ቁልቁለትን አገኘኋቸው። ይህ ቅጽል ስማቸው ነው። አርባ ዓመት በግንበኝነት ሲኖሩ፣ ቧንቧ በተዘረጋ ቁጥር «ቁልቁለት ስጠው! ቁልቁለት ስጠው!» እያሉ ስለሚጮሁ ሠራተኞቹ አወጡላቸው፤ እሳቸውም ወደዱት። በመንደራችን ካሉት ቤቶች ግማሹን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ የእኔንም ጭምር።

ያን ዕለት በመደብሩ ካለው ቧንቧ ሁሉ ወፍራሙ አጠገብ ቆመው አፉን በክንዳቸው ይለካሉ።

«ደህና አደሩ ጋሼ? ቧንቧ ነው ወይስ ዋሻ የሚገዙት?» አልኳቸው።

«ይቀልዱ መምህር፣ ይቀልዱ። የደረሰብኝን ቢያውቁ አይቀልዱም ነበር» አሉኝና ነገሩን አጫወቱኝ። ሽንት ቤታቸው በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደፍኗል። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጎረቤት እየሄዱ መጸዳዳት አልቻሉም፤ «ይሄ ነገር ሳይሠራ ተመልሼ አልመጣም» ብለው ትልቁ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል።

«ሃያ ቀኔ ነው» አሉ ጋሽ ቁልቁለት። «አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ተለያይተን አናውቅም። ትናንት እንቁላል ልጠብስ ብዬ መጥበሻውን አቃጠልኩት። የመጥበሻውስ ይቅር፤ ቤቱ ጭር አለብኝ መምህር።»

«ታዲያ ምን አሰቡ?»

«መላው ገብቶኛል። ቧንቧው ጠቧል፣ ቁልቁለቱም አንሷል። ይሄን ባለ ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር እቀብርና ከቤቱ እስከ ቆሻሻ መቀበያው ጉድጓድ፣ እስከ ማንሆሉ ድረስ እንደ ሸርተቴ አወርደዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ይደፈን እስቲ!»

«ጋሼ፣ ያንን ቧንቧ ይተዉት» የሚል ድምፅ ከኋላችን ተሰማ።

ዞር ስንል የእህታቸው ልጅ ናት። ይህች ልጅ ሁለት ዓመት ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምራ አሁን የሕንፃ ቧንቧ እየዘረጋች ታድራለች። ማጣበቂያ ልትገዛ መጥታ ወሬያችንን ከመጀመሪያው ሰምታለች። ጎንበስ ብላ አጎቷን ከሳመች በኋላ ቃሏን ደገመች።

«እተወዋለሁ? ለምን ብዬ?» አሉ ጋሽ ቁልቁለት፣ በሥራቸው ሲመጡባቸው እንደሚያደርጉት ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው።

«አሁን ያለው ቁልቁለት በዝቶ ይመስለኛል የተደፈነብዎት። ይሄን ቢጨምሩበት ደግሞ ይብሳል። ቢፈቅዱልኝ ግቢዎ ሄጄ ልለካው።»

ጋሽ ቁልቁለት ሳቁ። ቢሆንም ዘመድ ናትና እምቢ አላሉም፤ እኔም ማጠፊያዬን ረስቼ ተከተልኳቸው።

ግቢው እንደ ደረስን ልጅቱ ጋሽ ቁልቁለት ቧንቧውን ሊቀይሩ የቆፈሩትን ጉድጓድ እያየች ሲባጎ ወጠረች፣ ውሃ ልኳን አጋደመች፣ ለካች። ከሽንት ቤቱ እስከ ማንሆሉ አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ቧንቧው በየሜትሩ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

«መውረድ የነበረበት ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው» አለች።

«ሁለት?» አሉ ጋሽ ቁልቁለት። «ሁለት ሳንቲ ሜትር ምን አላት? በዓይን እንኳ አትታይም! ውሃ ቁልቁለት ይወዳል፤ ይሄን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል?»

«ውሃውማ ይወዳል ጋሼ። ቧንቧው ውስጥ ግን ውሃው ብቻውን አይደለም የሚሄደው።»

«እና ከማን ጋር ነው የሚሄደው?»

«ከሸክሙ ጋር ነዋ። ልጅ ሆኜ እርስዎ ገበያ ሲወስዱኝ በእኔ እርምጃ ነበር የሚራመዱት። በራስዎ እርምጃ ቢሄዱ ኖሮ መንገድ ላይ ጥለውኝ ይሄዱ ነበር። ውሃውም እንደዚያው ነው፤ ቁልቁለቱ ሲበዛበት ይሮጥና ሸክሙን ጥሎ ያልፋል። የቀረው እዚያው ይደርቃል፣ ነገ ሌላ ይደረብበታል፣ ውሎ አድሮ ይደፈናል። ቧንቧ ቁልቁለት አይፈልግም ጋሼ፤ ዘንበል ማለት ነው የሚፈልገው።»

ይህች «ዘንበል» የምትባል ቃል ጋሽ ቁልቁለትን እንዳላስደሰተቻቸው ከፊታቸው አየሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የተጠሩበትን ስም የምትነካ ቃል ናት።

«መጠኑስ?» አሉ። «ሰፊ በር ከጠባብ በር አይሻልም?»

«ለሰው ይሻላል። ሽንት ቤት አንዴ ሲለቀቅ የሚወርደው ውሃ አንድ ባልዲ አይሞላም። ያችን ውሃ ሁለት መቶ ቧንቧ ውስጥ ቢለቋት ወለሉ ላይ ተንጣላ ትቀራለች። ጥልቀት ከሌላት ምንም አታንሳፍፍም። ለሽንት ቤቱ መቶ አሥር፣ ለሳህንና ለእጅ ማጠቢያው ሃምሳ ይበቃል። ከዚያ ማጥበብም ማስፋትም ችግር ነው።»

አጎቷ በነገሩ እንዳላመኑ ስታይ ግቢው ጥግ የወደቀ ቁራጭ ቧንቧ አንስታ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቀችው፤ ክፍት አሸንዳ ሆነ። ሶፍት አርጥባ ጠቀለለችና ከላይኛው ጫፍ አስቀመጠች። መጀመሪያ አሸንዳውን በጣም አጋደለችው።

«ውሃውን እርስዎ ያፍስሱ፤ በኋላ በእጅሽ አታለልሽኝ እንዳይሉኝ።»

ጋሽ ቁልቁለት በጣሳ አፈሰሱ። ውሃው ሽው ብሎ ወረደ፤ ሶፍቱ ግማሽ መንገድ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ቀጥላ በውሃ ልክ ለክታ አሸንዳውን በትንሹ ብቻ ዘንበል አደረገችው። እሳቸው ያንኑ ያህል ውሃ አፈሰሱ። ውሃው ሳይቸኩል ሶፍቱን ከስሩ አንስቶ ይዞት ሄደና ከጫፉ ጣለው። ጋሽ ቁልቁለት ጣሳውን ሦስት ጊዜ ሞሉ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ።

አንባቢዎች ሆይ፣ ክርክሩ እዚህ ያበቃ ይመስላችኋል። አላበቃም። ሽማግሌው ጣሳውን አስቀመጡና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይሄ ጨዋታ ነው» አሉ። «እኔ አርባ ዓመት በዚህ መንገድ ስሠራ ኖሬአለሁ። አንድም ሰው፣ አንድም፣ ‹ተደፈነብኝ› ብሎኝ አያውቅም። የኔ ቤት ሰሞኑን ምን እንዳገኘው አላውቅም። መምህሩ እዚህ ቆመዋል፤ የእሳቸውንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ጠይቂያቸው!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ቤቴ ውስጥ ከበሩ ኋላ የአምስት ሜትር ሽቦ አለች። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ጋሽ ቁልቁለት ከመንደር ራቅ ያሉበትን ቀን ጠብቄ፣ በዚያች ሽቦ ቧንቧዬን እጎረጉራለሁ። ለእሳቸው ተናግሬ አላውቅም። አንድ የተከበረ ሽማግሌ «የሠሩልኝ ሽንት ቤት ይደፈናል» ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። እንደ እኔ ሽቦ የደበቁ ሌሎች ጎረቤቶች እንዳሉም አውቃለሁ፤ እርስ በርስ እንዋዋሳለን።

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «የእኔም ይደፈናል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከገባሁበት ዓመት።»

«አሥራ አንድ ዓመት?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

ጋሽ ቁልቁለት የጉድጓዱ አፈር ላይ ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ባገኘሁዎት ቁጥር ‹ቤቱ እንዴት ነው?› እልዎ ነበር። እርስዎም ‹ወርቅ ነው› ይሉኝ ነበር።»

«እንዳላስቀይምዎ ብዬ ነው።»

«አሁን አስቀየሙኝ» አሉ በቀስታ። «ከእርስዎ ቤት በኋላ አሥራ ሁለት ቤት ሠርቻለሁ መምህር። ወርቅ ነው ስላሉኝ አምኜ፣ ያንኑ ነው የደገምኩት። ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ አሥራ ሁለቱ ባልተበላሹ።»

 ልጆች ላስተምር ሠላሳ ዓመት ቆሜ ስህተታቸውን በቀይ ሳሰምር ኖሬ፣ ለትልቅ ሰው ግን አንዲት ስህተት ለማሳየት ወኔ አልነበረኝም። አክብሮት መስሎኝ ነበር። አክብሬያቸው ቢሆን ኖሮ ሊያርሙት እንደሚችሉ አምኜ እነግራቸው ነበር።

ጋሽ ቁልቁለት ወደ ልጅቱ ቀና አሉ። «አንቺ ልጅ፣ የእኔ ግቢ ተዳፋት ነው። በሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ሄጄ እንዴት ታች እደርሳለሁ?»

ይህ የተሸነፈ ሰው ጥያቄ ሳይሆን ሥራ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ስለነበር ልጅቱ ፊቷ በራ።

«ቧንቧው አሥራ ሁለቱን ሜትር ሁሉ በልኩ ዘንበል ብሎ ይሄዳል። ሃያ አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል። የቀረውን ከፍታ ማንሆሉ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይውረደው። ወይ ይተኛል ወይ ይቆማል፤ መካከል ላይ ነው ሸክሙን የሚጥለው።»

«ሁለት ሳንቲ ሜትርን በየሜትሩ በምን አያለሁ? ዓይኔ ደክሟል።»

ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላት ጠፍጣፋ እንጨት ቆርጣ አንድ ሜትር በሚረዝመው ውሃ ልክ የታችኛው ጫፍ ስር አሰረችላቸው። «ይሄን ቧንቧው ላይ ያጋድሙ። አረፋዋ መሃል ከቆመች ልክ ነው።»

ጋሽ ቁልቁለት ውሃ ልኩን አገላብጠው አዩት። «ይሄን ያህል ቀላል ነው?» አሉ፤ በድምፃቸው ውስጥ የነበረው ኀዘን ዛሬም ይሰማኛል።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ወፍራሙ ቧንቧ እዚያው መደብሩ ቀረ፤ መቶ አሥሩ በደረቀ አሸዋ ላይ ተኛ። እያንዳንዱን ሜትር ጋሽ ቁልቁለት ራሳቸው ተንበርክከው ለኩ። ማክሰኞ ከሰዓት ባለቤታቸው ልጃቸውን ተደግፈው መጡ። ማንንም ሳይስሙ ቀጥ ብለው ሽንት ቤት ገቡ፤ ውሃው ሲለቀቅ ተሰማ፤ ጥቂት ቆይተው ደግመው ለቀቁት። ጋሽ ቁልቁለት ማንሆሉ አፍ ላይ ጆሯቸውን ደፍተው ነበር።

ሴትዮዋ ወጡና «እንግዲህ ሻንጣዬን አስገቡት» አሉ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘውን ጥቅም ዘርዝር ብባል አይቸግረኝም። በልኩ የተዘረጋ ቧንቧ አይደፈንም፤ ካልተደፈነ ሽታው ወደ ቤት አይመለስም፣ ዝንብና በሽታ አይከተልም፣ ጉልበታቸው የደከመ ሰዎች በገዛ ቤታቸው ተከብረው ይኖራሉ። ይህን ሁሉ የሚያስገኘው በሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው። ለሠሪው እውነቱን መንገርን ግን ቧንቧ አይሠራልንም፤ እሱን እኛው ነን መልመድ ያለብን።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ቁልቁለት ናቸው፤ እንጨት የታሰረባትን ውሃ ልክ በብብታቸው ይዘዋል። በሌላው እጃቸው አሥራ ሦስት ቤት የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ የእኔ ከላይ ነው።

«ደህና አደሩ መምህር» አሉኝ። «ቤቱ እንዴት ነው?»

ከልማድ የተነሳ «ወርቅ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ይደፈናል ጋሼ» አልኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ገቡ።