የደላላው ቤት

ከዝናብ በኋላ ሰው ሁሉ በሚያንቀላፋበት የፉሪ ታክሲ ውስጥ፣ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ለተቀመጡ እናት ሲያወራ እኔ ከኋላቸው ሆኜ እሰማለሁ።

«ለሴት ልጄ ብዬ የገዛሁትን የባንክ አክሲዮን ልሸጥ ነው፣ እማማ። ደላላው ለቡ መብራት ኃይል ስወርድ ይጠብቀኛል።»

«አክሲዮኑ ከሰረ እንዴ?»

«ኧረ አልከሰረም። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ያስፈራኛል። ወርቅ ልግዛበት።»

«ከአክሲዮኑ በፊትስ ምን ነበረህ?»

«ቦታ። ከዚያ በፊት ሚኒባስ።»

«ሁሉንም በደላላ ሸጥክ?»

«በዚሁ አሁን በሚጠብቀኝ ሰውዬ። በየጊዜው ኮሚሽኑን ይቆርጣል።»

«እሱስ ምን ገዛበት?»

«እሱማ ቀስ እያለ ፉሪ ላይ ቤት ሠራ። እኔም እዚያው ተከራይቼ ነው የምኖረው።»

«ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት።»

«ታዲያ እስክታድግ አክሲዮኑ ላይ ተኛበታ፣ ልጄ።»

ሰውየው ሳይወርድ ለቡ መብራት ኃይልን ስናልፍ፣ እኔም በመስኮቱ ደመናውን እያየሁ፣ ወሬያቸውን እያሰላሰልኩ የራሴን መውረጃ ዝም ብዬ አሳለፍኩት።