አንቺስ ስታለቅሺ ማን ያነሳሽ ነበር?

ከልጄ ጋር በሚኒባስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ከፊቴ ወንበር ልጅ ያቀፈች ወጣት አጠገቧ ላሉት እናት ታወራለች።

«የልጅ አስተዳደግ ሥልጠናውን ልተወው ነበር።»

«ምነው ልጄ?»

«ሲያለቅስ እቀፊው ይሉኛል። ወላሂ፣ እጄ እምቢ ይለኛል።»

«በገዛ ልጅሽ?»

«እኔን ሐርቡ ከተማ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ሳለቅስ በር ዘግታብኝ ገበያ ትሄድ ነበር።»

«ታዲያ አልነገርሻቸውም?»

«ማን ጠይቆኝ? ትናንት ግን አሠልጣኟ ትምህርቱን ተወችና ‹አንቺስ ስታለቅሺ ማን ያነሳሽ ነበር?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አለቀስኩ። እስክጨርስ አጠገቤ ቁጭ አለች እንጂ ምንም አላስተማረችኝም።»

«ከዚያስ?»

«ቤት ስገባ ልጁ አለቀሰ። ሳላስበው አንስቼዋለሁ።»

«አልሃምዱሊላህ። ይኸው ደረትሽ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።»

መስኮቱን ተደግፋ የተኛችውን ልጄን ቀስ ብዬ ወደ እኔ ሳብኳት።