የጋሼ መሮ ቁም ነገር

ሶፋ ከማለብስበት ሱቄ ወጥቼ ማጣበቂያ ልዋስ ወደ ጎረቤቴ አናጢ ጎራ ብል፣ ሰውየው ሳንቃ ታቅፎ ተገትሯል። ለምላሱ ስለት ጋሼ መሮ የምንለው ይህ ሰው ሽርጥ ጠላቱ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሁለት ደርቦ አስሯል። ቁጭ በል ብለው፣ ቁም ነገር ገጥሞኛል አለኝ። የትዳር ጉዳይ መስሎኝ ሽማግሌ ልሁን አልኩት።

"ይሄ ሽማግሌ የሚሰማ አይደለም፤ ከሌሊት ጀምሮ ቆሟል" አለ፣ በአገጩ ወደ ሽርጡ እየጠቆመ።

አፌ መች ያርፋል! እንዲህ ያለ ነገር የያዘው መርከበኛ ባንዲራ ሰቅሎበት ወደብ እንደገባ አወራሁለት። አልሳቀም። ላቡ በግንባሩ ሲንቆረቆር ሳይ ቀልዴን ተውኩት።

በዚህ መሐል ነርስ የሆነችው የእህቱ ልጅ፣ ለጥገና ያስቀመጠችውን በርጩማ ልትወስድ መጣች። እሱ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ እኔ ነገሩን ነገርኳት።

"ይሄ ከእህቴ ልጅ ጋር የሚወራ አይደለም" አለ። "ደግሞስ ምን ክፉ አለው? ስንቱ አጥቶት ያለቅስ የለም?"

"ያምዎታል ጋሼ?"

"እየባሰበት ነው።"

"ፍላጎትስ አለዎት?"

"የምን ፍላጎት! ሚስቴን ሸሽቼ ነው የወጣሁት።"

"አራት ሰዓት አልፎታል?"

የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። "አራት ሰዓትማ ድሮ አለፈ፤ ስድስት ሊሆን ነው።"

"የቀኑን አይደለም ጋሼ፤ ከተነሳ ስንት ቆየ ማለቴ ነው።"

ከሌሊቱ ጀምሮ በጣቶቹ ሲቆጥር አንድ እጅ አልበቃውም። ምን እንደዋጠ ስትጠይቀው፣ እንቅልፍ እምቢ ቢለው ጎረቤት ያካፈለችው ክኒን ነው። እሱን ሊያስተኛ የመጣ መድኃኒት ሌላውን ቀስቅሶት አረፈ! ልጅቱ ሳታፍር አስረዳችን፦ አንዳንድ የእንቅልፍና የአእምሮ መድኃኒት፣ ያለ ሐኪም የሚወሰድ የወንድነት ክኒንና መርፌ፣ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ፣ ጭን መሐል የደረሰ ምት፣ ከወላጅ የሚወረስ የደም ሕመምም ያመጣዋል። ያለ ፍላጎት ቆሞ አልወርድ ካለ፣ ግንዱ ደርቆ ጫፉ ከለሰለሰና ካመመ፣ ጉልበት ሳይሆን በሽታ ነው።

"እስከ ማታ ልታገሰው" አለ አጎቷ።

"እንጨት ውስጥ የገባ ውሃ መውጫ ቢያጣ ምን ይሆናል ጋሼ?"

"ይበሰብሳል" አለ፤ ሙያው ነውና ሳያስብ። የተናገረውን የሰማው ካፉ ከወጣ በኋላ ነው።

"ደሙም ገብቶ መውጫ አጥቷል። አዲስ ደም ያላገኘ ሥጋ ይሞታል። ዛሬ ካልታከሙ፣ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል።"

ሳንቃውን አስቀመጠ።

መቀመጥ ስላልቻለ ገና ባለበስኩት ሶፋ ላይ አስተኝቼ ከልጅቱ ጋር በጭነት መኪናዬ ወሰድነው። ሆስፒታል ሐኪሞቹ የታጎረውን ደም በመርፌ ቀድተው አወጡለት፤ ማውረጃ መድኃኒትም ወጉት። አመሻሹ ላይ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብሎ የልጅቱን ግንባር ሳመ። "እኔ የማፍርበትን አንቺም ብታፍሪበት ኖሮ ሚስቴን ምን እላት ነበር?" ሲል ድምፁ ተሰበረ።

ዛሬ በተቀመጠ ቁጥር ተመስገን ይላል። የሰው መድኃኒት የሚዋስ ካገኘ መዶሻውን ያነሳበታል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለም የሰፈሩን ጎረምሶች ይመክራል። ለድንገተኛ ክፍሉም አግዳሚ ወንበር ሠርቶ ሰጠ። መደገፊያው ላይ በገዛ መሮው እንዲህ ብሎ ቀርጾበታል፦ "ቁም ነገር ያለው እዚህ ቁጭ ብሎ አይጠብቅ፤ ቀጥ ብሎ ይግባ።"