ጀርቤራ ታቅፎ ሽምግልና

የአክስቴን ልጅ ለመዳር ሱሉልታ፣ ኦቦ ቱሉ ቤት ለሽምግልና ሄድን። ልጁ ሰበታ አበባ እርሻ ስለሚሠራ ጀርቤራ የሚባል አበባ አንድ እቅፍ አሸከመኝ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ ነው፤ ከሩቅ ያየኝ ሰው እሳት የታቀፍኩ ይመስለዋል። ኦቦ ቱሉ በር ላይ እንደቆምን አበባውን አዩና ፊታቸው ጠቆረ። «ማን ሞቶብኝ ነው? እኛ አገር አበባ የሚመጣው ለሬሳ ሳጥን ነው» አሉ። አብረውኝ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። ልንጠይቅላት የመጣነው ልጃቸው ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሿን ስትውጥ እኔ በጆሮዬ ሰማሁ።

«የአበባው ስም ማን ይባላል?» አሉኝ።

«ጀርቤራ።»

«የማን ስም ነው?»

ማንበብ ባልችልም ልጁ መንገድ ላይ የነገረኝን አልረሳሁም። «ድሮ የሞተ የጀርመን ሐኪም ስም ነው፣ ኦቦ።»

ባልናገር ይሻለኝ ነበር። ከዘራቸውን አነሡ። «ጭራሽ የሙት ስም ይዘህብኝ መጣህ?»

ላቤ ጎርፍ ሆኖ ሊወስደኝ ደረሰ። «ሰውየውማ ሞተ» አልኩ፤ «ስሙ አብሮት እንዳይቀበር ብለው ነው ለአበባው ያወጡለት። ይኸው እርስዎ ደጅ ድረስ መጣ።»

ከዘራው አየር ላይ ቀረ። ወንድ ልጅ እንደሌላቸው አገር ያውቃል። ቀስ ብለው፣ «የመጀመሪያውን ልጅ በእኔ ስም ትጠሩልኛላችሁ?» አሉ።

ሽማግሌዎቹን ሳላማክር «እንጠራለን» አልኩ።

«ሴት ብትሆንስ?»

«ኦቦ ቱሉ እንላታለን።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። ከበሩ ዞር ብለው በኦሮምኛም በአማርኛም «ሴና፣ ግቡ» አሉን።